ከቀለሙ ሥር

ጥር 4
የሥነ ምግባር ትምህርት አስተምሬ ስወጣ ወደ ባለቤቴ ወንድም መጋዘን ጎራ አልሁ። አሮጌ ዕቃ ገዝቶ የሚሸጥ ሰው ነው። ከወንበሮቹ ጀርባ አንድ የእሽቅድድም ብስክሌት... ዕድሜው ከእኔ አያንስም። ካቴናው ዝጓል፤ ኮርቻው ተቀድዷል። አንዳች ትርፍ ነገር ግን የለበትም። ወደድሁት። ታዲያ ምን አሳፈረኝ?

ጥር 6
ለባለቤቴ ነገርኋት። «ተማሪ ሲስቅ የሚቆጣው ሰውዬ፣ አሁን በቁምጣ ልትታይ ነው?»
«በሱሪዬ እነዳለሁ» አልኋት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።
ትሳቅ። የተጣለን ዕቃ ማደስ ከንቱነት አይደለም። እገዛዋለሁ።

ጥር 9
አልገዛውም። ወደ ብርሃን አውጥቼ አየሁት። ቀለሙ ሁሉ ተላልጧል፤ ከመሪው ሥር መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ አዲስ ነው። ፋቅ ሳደርገው... ስንጥቅ።
«ይህ ምንድን ነው?» አልሁት የባለቤቴን ወንድም።
«ኧረ ጋሼ፣ ለውበት ነው!»
«ውበቱ ስንጥቁ ላይ ብቻ አረፈ?»
ብስክሌቱን ወደ ወንበሮቹ ጀርባ መለሰው።

ጥር 10
ጎረቤታችን ነርሷ ነገ ልትወስደው ነው አሉ። በየማለዳው ከሰፈራችን ወደ ሥራዋ ያን ረጅም ቁልቁለት የምትወርደው! ብረቱ መሐል መንገድ ላይ ቢለያይስ?
ነርሷ ስለ ስንጥቁ ማወቅ አለባት ስል የባለቤቴ ፊት ጠቆረ። «ወንድሜን በሰፈር ፊት ልታዋርደው ነው?»
አዘንሁላት። ነገር ግን የሰው ነፍስ ከወንድም ስም ይበልጣል። እሱው ይንገራት። እንቢ ካለ እኔ አለሁ።

ጥር 11
ማልጄ ሄድሁ። «ወይ ትነግራታለህ፣ ወይ እነግራታለሁ።»
«ጋሼ፣ ገበያዬን ዘጉብኝ እኮ!»
ነርሷ መጣች። አንገቱን ደፍቶ፣ በጣቱ እያሳየ ነገራት። «በእኔ ሕይወት ልትነግድ ነበር?» ብላው ወጣች።
ያን ጊዜ ገዛሁት፤ ከነስንጥቁ። እውነቱን የተናገረ ሰው ዕቃው በእጁ ሊቀር አይገባም። ባለቤቴ ስትሰማ፣ «አንተ መቼ ምክንያት አጥተህ ታውቃለህ!» አለች። ልክ ናት፤ ወድጄዋለሁም። ወንድሟ ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

የካቲት 2
በያጁ የተሰነጠቀውን ብረት ቆርጦ በአዲስ ተካው። ዝገቱን እኔው በሸካራ ወረቀት ፈግፍጌ አወጣሁ። እጄ ተልጧል... ደስ ይላል።
ወንድሟ ግን ቤታችን መምጣት ተወ። ባለቤቴ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ እያጋጨች ታስቀምጣለች። ባደረግሁት አልጸጸትም። ቢሆንም... ወንድሟ ነው።

የካቲት 8
ጥገናውን በሌላ ሰው ነፍስ አልሞክርም ብዬ ያን ቁልቁለት ራሴ ወረድሁ። ነርሷ ከደጇ ቆማ አየችኝ። ነፋሱ ባርኔጣዬን ወሰደው። ይውሰደው! ከታች፣ መታጠፊያው ላይ፣ አንድ ሰው እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል።
«ጋሼ! ፍሬን! ፍሬኑን ይያዙ እንጂ!»
የባለቤቴ ወንድም።
ያዝሁ። ቆምሁ። ብረቱ ደኅና ነው፤ እኔም ደኅና ነኝ። መሪውን ጨብጦ አልለቅ ያለው እሱ ነው።
«ማን ነገረህ?»
«እህቴ። ሰውዬው ሊሞት ነው፣ ድረስ አለችኝ።»
«ምሳ ከእኛ ጋር ብላ።»
«ይህን ያህል ጠፍቼባት ካላባረረችኝ...»
ዳገቱን ጎን ለጎን ወጣን። ብስክሌቱን እሱ ገፋ። አልከለከልሁትም።