አለቃ ሲመጣ አትነሣ

ጴጥሮስ፣

ቆጮው በቅጠል ተጠቅልሎ ምድጃው ዳር አለ። ሳትበላ መድኃኒቱን እንዳትወስድ።

የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ወደ መሥሪያ ቤትህ ሄጃለሁ። የታመመ ሠራተኛ ደመወዙ እንዲህ በዋዛ አይቆረጥም፤ ካላመኑኝ ደንቡን አነብላቸዋለሁ።

አለቃህ አቶ ሰይፈሥላሴ ሊጠይቁህ ሲመጡ፣ ለወራት የተኛኸው ሰውዬ ተነሥተህ፣ ኮት ለብሰህ፣ እያላበህ እስከ አጥሩ በር ሸኘሃቸው። እሳቸውም «ድኗል፤ የሕመም ደመወዙ ይቁም» ብለው ጻፉ።

«አለቃ በጋቢ አይሸኝም» ብዬ ኮቴን ያለበስኩህ እኔ ነኝ።
ትናንት «ጥፋቱ የኔ ነው» ስትል ደግሞ አፌን በቆጮ ሞልቼ ዝም አልኩ።

ተመልሰው ቢመጡ ተኝተህ ተቀበላቸው። ይሉኝታህን ስለማውቅ ኮቴን ለብሼ ወጥቻለሁ፤ ሱሪህንም ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ብዙነህ