ሽንኩርት ነጋዴዋ በምክር ቤቱ ፊት

ይድረስ ለልጄ፣ ለቤቴ ድምቀት። እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ቢሰንፍም ምላሴ አልሰነፈም።

ትናንት የሴቶች አማካሪ ጉባኤያችን በገበያው ውስጥ የሴቶች መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ለከተማው ምክር ቤት አቤቱታ አቀረበ። በደንቡ መሠረት ከተጻፈው ውጭ አንናገርም፤ አንባቢዋም እኔ ጸሐፊዋ ነኝ። መነጽሬን ቤት የረሳሁ መስሎኝ ወረቀቱን አጠገቤ ለተቀመጠችው አባላችን፣ ለሽንኩርት ነጋዴዋ ሰጠኋት።

“እትዬ፣ መነጽሩ ዓይንዎ ላይ ነው እኮ” አለችኝ በሹክሹክታ።

“አንብቢ ብያለሁ፣ አንብቢ።”

ተነሣች፤ ወረቀቱን ግን አጣጥፋ ያዘችው። “ክቡራን፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ገበያ ስውል ውሃ አልጠጣም፤ መሄጃ የለኝማ። እናንተ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ብርጭቆ ጠጣችሁ?”

ሰብሳቢው ያነሣውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ መለሰው። ደንብ ለጣሰ ምሕረት የማላውቀው እኔ እንኳ “ወረቀቱን አንብቢ” ማለቱን ረሳሁት። አርባ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም።

ድምፅ ሲሰጥ አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ፤ ስንት እጅ እንደሆነ እሷ ቆጥራ ነገረችኝ። ቃለ ጉባኤውንም ከእንግዲህ እሷ ትያዝ ብያለሁ።

ስትመልሺልኝ ፊደልሽን አጉልተሽ ጻፊ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታጣብቂዋለሽ። ሰላምሽ ይብዛ።

እናትሽ