«አሁን እን…»

ጥቅምት 26

ጠዋት ካፊያ። የማተሚያ ቤቱ አለቃ የሳይንስ መማሪያውን ምዕራፍ ሦስት መለሰልኝ። «ሥዕሎቹ ከገጹ እየወጡ ነው» ይላል። የት ሊሄዱ ነው ደግሞ… ገጽ ማቀናበር እንጀራዬ ነውና ዝም ብዬ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው።

ኮምፒውተሩ ሰሞኑን እግሩን ይጎትታል። አዲሱን ሲስተም ጫኚ፣ ጫኚ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከርሞ ዛሬ «እሺ» አልኩት። ከቁርስ በኋላ አንዲት ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች። አትክልት ገዝቼ መጣሁ፣ ትሽከረከራለች። ልብስ ዘፈዘፍኩ፣ ትሽከረከራለች። ከሰዓት በኋላ በስንት መከራ ተከፈተ። ቀለሙ ተቀይሯል እንጂ ሁሉም አለ። መግቢያው ላይ ያለው ስም እንኳ አልተነካም፤ የባሌ ስም። ኮምፒውተሩ የሱ ነበር። ከሞተ ወዲህ ነው እኔ የምሠራበት። ስሙን እቀይራለሁ እያልኩ… ይኸው።

እማማ በሩ ላይ ቆመው «ምን ያስጮኸዋል ይሄን ነገር?» አሉ። ማራገቢያውን ሰምተው ነው። አልገቡም። የልጃቸው፣ የባሌ ክፍል ነበር፤ ከቀብሩ ወዲህ ደፉን አልፈው አያውቁም። አንድ ቤት ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ቀርተን፣ ስለሱ አንድም ቀን አላወራንም።

ጥቅምት 27

ምሳ ሰዓት ገደማ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወጥቼ ነበር። ከክፍሉ ድምፅ ሰማሁ። የሱ ድምፅ። ሬዲዮ ይሆናል አልኩ፣ ጎረቤት ይሆናል አልኩ… የሱ ነው።

«ተጠርጎ አልቋል! አሁን እን…»

ከዚያ ጭጭ።

እርጥብ አንሶላ እንዳቀፍኩ ስሮጥ ገባሁ። እማማ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲያው አላበድኩም» አሉና ቁጭ አሉ፣ እዚያው ወለሉ ላይ።

ስክሪኑ ላይ ትንሽ መስኮት ተከፍቷል። «ማጽጃው በድንገት ሥራ አቁሟል» ይላል። ማጽጃው… አዎ። እሱ ኮምፒውተር ማጽዳት ይወድ ነበር። ቆሻሻ ፋይል የሚጠርግ ፕሮግራም ጭኖ፣ በየቀኑ በዚያ ሰዓት እንዲነሣ አድርጎታል። ሲጨርስ የሚያሰማውን ጩኸት አውጥቶ የራሱን ድምፅ ከቶበታል። የሱ ቀልድ።

እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩ እጄ ከገባ ጀምሮ ድምፁን ዘግቼ ነው የምሠራው። አዲሱ ሲስተም ሳይጠይቀኝ ከፈተው። ይህን ሁሉ ወር፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት፣ እዚህ አጠገቤ ሲናገር ኖሯል ማለት ነው። ሙሉውን ሲናገር። እኔ አፉን ይዤው።

ጥቅምት 28

ዛሬም በዚያው ሰዓት። ዛሬም እዚያው ላይ ተቆረጠ።

ጥቅምት 29

ሥራ የለም። ቀኑን ሙሉ ከማጽጃው ጋር ግብግብ። አጥፍቼ አስነሣሁት። ያው። በእጄ «ጀምር» ብዬ አዘዝኩት። መስመሩ እየሞላ፣ እየሞላ ይሄድና ጫፍ ሲደርስ «ተጠርጎ አልቋል! አሁን እን…» ድርግም። ደጋግሜ። ደጋግሜ። እያንዳንዱ መቆረጥ የሱን የመጨረሻ ትንፋሽ እያስታወሰኝ… ለምን እቀጥላለሁ?

እን… ምን? እንሂድ? እንገናኝ? እንተያይ?

ሻይ ይዤላቸው ስገባ እማማ ጥሩ ቀሚሳቸውን ከሣጥን አውጥተው እየተኮሱ አገኘኋቸው። የት ሊሄዱ ነው አልኳቸው።

«‹አሁን እንሂድ› ነው እኮ የሚለው» አሉኝ ተረጋግተው። «አንቺን አይደለም። አንቺ ገና ልጅ ነሽ። እኔን ነው።»

መተኮሻውን ከእጃቸው ወሰድኩ።

ኅዳር 1

የኮምፒውተር ጠጋኙ መጣ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው፣ ባሌ «ዶክተር» እያለ ይጠራው የነበረ ሰውዬ። ሁለቱ ሲገናኙ የኮምፒውተር በሽታ ሲያወሩ ይውሉ ነበር።

«ይሄ ማጽጃ ለድሮው ሲስተም የተሠራ ነው፣ እህቴ። አዲሱ አያውቀውም። ነቅለን ሌላ እንጫን፤ ሻይሽን ሳትጨርሺ ያልቃል።»

«ድምፁስ?»

«የምን ድምፅ?»

ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ጠብቅ አልኩት። ጠበቀ። ሰማ። መነፅሩን አወለቀና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ስለ መንቀል ደግሞ አላነሣም።

ሲነካካ፣ ሲያነብ ቆየ። የነገረኝ ይህ ነው። አዲሱ ሲስተም ሲገባ የድሮውን ጓዝ በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ጠቅልሎ ወደ ጥግ ገፍቶታል። ማጽጃው ድምፁን የሚያነበው ከዚያ ነው። ጥቂት እንዳነበበ ሲስተሙ «ፈቃድ የለህም» ይለዋል፣ ይወድቃል።

«ታዲያ ድምፁን ብቻ ከዚያ አውጣልኛ!»

«ፕሮግራሙ በራሱ አቋጣጠር ቋጥሮታል። እሱ ብቻ ነው የሚፈታው።» ከስክሪኑ ወደ እኔ ዞሮ «ሌላም ነገር አለ» አለኝ። «ሲስተሙ ያን ፎልደር በራሱ ጊዜ ያጠፋዋል። የተረፈ ቆሻሻ ነው ለሱ። ዛሬ ይሁን በሳምንት… አላውቅም።»

ፈቃድ ለመስጠት ሞከረ። ስክሪኑ መለሰለት፦ «የዚህ ፎልደር ባለቤት ሊገኝ አልቻለም።»

«ባለቤቱማ…» አልኩ። አልጨረስኩትም። ዶክተሩ አቀርቅሮ ኪቦርዱን ያያል።

«ስሙ ያው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ለኮምፒውተሩ ግን የድሮው እሱና ይሄ አንድ ሰው አይደሉም። መፍትሔው ባንቺ ስም አዲስ መግቢያ ከፍቶ ባለቤትነቱን ወዳንቺ ማዞር ነው። ላድርገው?»

ላስብበት አልኩት። ምኑን ነው የማስበው?

ኅዳር 2

እማማ ቁርስ አልበሉም። ምሳ ሲደርስ ደግሞ ወንበር ስበው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። የተተኮሰውን ቀሚስ ለብሰዋል። ድምፁ መጣ፣ ተቆረጠ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቀጠሮ እንደሚያረጋግጥ ሰው።

ፈራሁ።

ኅዳር 3

እማማን ጎረቤት ቤት አድርሼ መጣሁና ዶክተሩ እንደነገረኝ አደረግሁ። በስሜ መግቢያ ከፈትኩ። ፎልደሩን አገኘሁት። «ባለቤት» የሚለው ቦታ ላይ ስም የለም፤ ረጅም የቁጥር ዝርዝር ብቻ። ሰው ሲሞት ለካ እንዲህ ነው የሚሆነው። ስሜን ጻፍኩበት። «እርግጠኛ ነዎት?» ይለኛል። ስለ ምኑ?… አዎ አልኩ።

ማጽጃውን አስነሣሁ። መስመሩ ሞላ።

«ተጠርጎ አልቋል! አሁን እንብላ፣ በረሃብ ሞትኩ!»

እንብላ። እንብላ ነው ያለው! አፌን ይዤ… ሊያስቀኝ ነው ሊያስለቅሰኝ ነው ስል፣ ቀጥሎ ሳቅ መጣ። የሴት ሳቅ። ቅርብ ነው፣ አጠገቡ። ሆዷን ይዛ የምትስቅ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት። እሱም እየሳቀ «ተይ እንጂ፣ እየተቀዳ ነው!» ይላታል። ከዚያ አለቀ።

ማን ናት?

ኅዳር 4

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ናት። ካርታ ሥራው ክፍል አብራው የምትሠራ አንዲት ነበረች፤ ቀብሩ ላይ ከሁላችንም ብሳ ያለቀሰች። ወይስ ሌላ? «ተይ እንጂ» ብሎ… ያ የሚያለሰልሰው ድምፁ። እኔን እንዲያ ካናገረኝ ስንት ጊዜው? ሕመሙ ሲጀምር እኮ የምናወራው ስለ መድኃኒት ብቻ ነበር።

የሞተ ሰው እንዴት ይጠየቃል?

ለእማማ «‹እንብላ› ነው ያለው፣ ሰምቼዋለሁ» አልኳቸው። ስለ ሳቁ አልነገርኳቸውም፤ እንዳይሰሙትም ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ድምፁን ዘጋሁት። ከኀፍረት ይሁን ከምን አላውቅም።

«አታባብይኝ» አሉኝ። «እንድበላልሽ ብለሽ ነው።»

ኅዳር 5

በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰማሁት። አሁን የሱን ድምፅ አይደለም የምሰማው፤ እሷን ነው። አጣጥቤ ስጨርስ ጆሮዬ ውስጥ ትስቃለች። አትክልት ተራ አንዲት ሴት ከኋላዬ ስትስቅ ዞሬ አፈጠጥኩባት። ደነገጠች መሰለኝ፣ ቅርጫቷን ወደ ራሷ ሳበች።

ልንቀለው? ማጽጃውንም፣ ፎልደሩንም፣ ሁሉንም። አንድ «አዎ» ይበቃዋል።

ጣቴን እዚያ ላይ አድርጌ ቆየሁ።

ኅዳር 7

ዛሬ የሆነውን ሁሉ ልጻፈው።

እማማ ምሳ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ላይ አልተቀመጡም። ቀጥ ብለው መጥተው ደፍ ላይ ቆሙ። «ሙሉውን ሰምቻለሁ ካልሽ አሰሚኝ» አሉ። «ካላሰማሽኝ አላምንሽም።»

«እማማ፣ ይቅርብዎ…»

«አሰሚኝ አልኩሽ እኮ!»

ገቡ። ደፉን አለፉ። ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። አልጋው የነበረበትን ጥግ ላለማየት ይመስለኛል ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለዋል። ድምፁን ከፍቼ ማጽጃውን አስነሣሁና መስኮቱ ጋ ሄጄ ፊቴን ወደ ውጪ አዞርኩ። ሳቁ ሲመጣ ፊታቸውን ማየት አልፈለግሁም።

«…አሁን እንብላ፣ በረሃብ ሞትኩ!» ያ ሳቅ። «ተይ እንጂ፣ እየተቀዳ ነው!»

እማማ ሲያለቅሱ እሰማለሁ ብዬ ነበር። ሲስቁ ሰማኋቸው። ዞርኩ። እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ።

«ውይ ልጄን! እውነትም እንብላ ነው ያለው። ይቺን ቀንማ አውቃታለሁ። ሳህን ይዤ ሳሎን ቆሜ ነበር፣ ምግቡ ቀዘቀዘ እያልኩ። እናንተ ደግሞ ይቺን ነገር ስትቀዱ፣ ስትሰርዙ፣ ደግሞ ስትቀዱ…»

«እነማን?»

«እንዴት እነማን? አንቺና እሱ ናችሁዋ።»

«እማማ… ያቺ የምትስቀው ማን ናት?»

አዩኝ። እንደ በሽተኛ ነው ያዩኝ፤ ትኩሳት እንዳለብኝ የሚፈትሹ ይመስል።

«አንቺ ነሽ እንጂ ማን ሊሆን ነው! እንዲህ ነበር የምትስቂው። ግድግዳ አልፎ እኔ ጋ ይመጣ ነበር። ‹ምን አግኝታ ነው ይቺ ልጅ› እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።»

ደግመው አስከፈቱኝ። ሰማሁት። አሁንም አላወቅኋትም። ሌላ ሰው ናት። ጉሮሮዋ ክፍት ነው፣ ምንም የምትፈራው ነገር የላትም። ሦስተኛ ጊዜ ስሰማ ግን መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ስትስብ የምታወጣትን ትንሽ ድምፅ… እናቴ «ዘይት እንዳጣ በር ሲጥ ትያለሽ» ትለኝ የነበረችውን…

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እማማ ራሴን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት። ብዙ አለቀስኩ። እሱ ሲሞት ያላለቀስኩትን ሁሉ።

ከዚያ አብረን በላን። እማማ ሁለት ጊዜ ጨመሩ።

ኅዳር 8

ድምፁን ስልኬ ላይ ቀዳሁት። ለእማማም ስልካቸው ላይ ላድርግልዎ አልኳቸው። «እኔ ምን ያደርግልኛል» አሉ። «በቃሌ ነው የማውቀው።»

ዶክተሩ መጥቶ ማጽጃውን ነቀለው። ፍርስራሹንም ለቀመ። አዲሱን ሲጭን «ሲጨርስ ምን ድምፅ ያሰማ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም፣ ዝም ይበል አልኩት።

ኅዳር 9

ምሳ ሰዓት ዝምታ። ከባድ ነበር። መክበዱን ግን ለእማማ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ነገሩኝ።

ኅዳር 14

ምዕራፍ ሦስትን አለቃው ተረከበኝ፤ ሥዕሎቹ አርፈው ተቀምጠዋል። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት በራሴ ስም ነው የሚጠራኝ። እስካሁን ግር ይለኛል። የሱ ስም ያለ መስሎኝ ስክሪኑን የማይበት ጊዜ አለ።

ከሰዓት በኋላ እማማ ሹራባቸውን ይዘው ገቡና መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። እኔ ምዕራፍ አራት ላይ ነኝ። ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ጀመሩ።

«ይሄ መጥረግ የሚሉት አመል ከሕፃንነቱ ነው። አባቱ ሰው ሠራሽ ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ተኛ። ይሄ ጉድ መጥረጊያ ይዞ ተነሣልሻ! ጠረጴዛው ጠራ፣ ወለሉ ጠራ፣ ቆሻሻው ተደፋ። አባትየው በማግስቱ ሽማግሌ ሆኖ ተልኳል፤ ለወንድሙ ልጅ ሚስት ሊለምን። ጥርስ የለ! ሄደና፣ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ራሱን እየነቀነቀ ዋለ። የልጅቷ ቤተሰብ ‹እንዲህ ያለ ጨዋ፣ ቁጥብ ሰው አይተን አናውቅም› ብለው ወዲያው ፈቀዱ።»

መጀመሪያ ትከሻዬ ነበር የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ከሆዴ የሆነ ነገር መጣ፣ ደነገጥኩና አፌን በእጄ ያዝኩ። ሀዘን ቤት ውስጥ ያለሁ መስሎኝ።

እማማ ከሹራባቸው ቀና ሳይሉ «ተይው» አሉኝ፤ «ይውጣ።»