ለራሔል ያስተማርኸውን ሰማሁ

አባዬ፣

ሙት ዓመትህን ካወጣን ሦስተኛ ወራችን ነው። እማዬ ደህና ናት፤ ጋቢህን ግን እስከ ዛሬ አላሳጥብም ብላ አስቸግራናለች። ታስተምርባት የነበረችው ጎጆ ማፍሰስ ስለ ጀመረች ቆርቆሮ አለበስናት። ተማሪዎችህ ወደ ሌሎች የትርጓሜ መምህራን ሄደዋል፤ ሁለቱ ግን በቀሐ ወንዝ በኩል ሲያልፉ ጎራ ብለው እማዬን ይጠይቋታል። እኔም ያው አዘዞ አማርኛ አስተምራለሁ።

የምጽፍልህ በራሔል ምክንያት ነው፤ ግእዝ ልትማር አንተ ዘንድ መጥታ ሦስት ክረምት በከረመችው አይሁዳዊት የአሜሪካ ፕሮፌሰር። አሁን ስለማትቆጣኝ ልንገርህ፤ ቀንቼባት ነበር። ያውም ክፉኛ። እኔ ልጅህ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ስሰማው ያደግሁትን መጽሐፍ፣ እሷ ፊትህ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ተማረችው። ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ትል የነበርህ ሰውዬ፣ የእሷ ሴትነት ጠፋብህ።

ደግሞ አከራከሯ! መጀመሪያ ሰሞን «የኔታ፣ ይህ አይመስለኝም» ስትልህ መጽሐፉን አጥፈህ ወጣህ፤ አራት ቀንም አኮረፍሃት። እሷ እቴ፣ ምን እንዳጠፋች እንኳ አልገባትም። በኋላ ነው ያስረዳችን። በእነሱ ዘንድ ተማረ የሚባለው ሁለት ሰው አንድ ገጽ ላይ አጎንብሶ ሲከራከር ነው፤ ዝም ያለ ተማሪ መምህሩን ያሳዝናል። ልብስ ሰፊ አያቷ አሜሪካ ሲገባ ይዞት የገባው ይህንኑ ነበር አለች። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አይሁድ በዛብን ብለው በር ሲያጠብቡ፣ ልጆቹ ክፍያ በሌለው የከተማው ኮሌጅ እየሠሩ ተማሩ። እናቷ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ሆነች፤ አጎቷ ያኔ አንቀበልህም ባለው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ አስተማረ። እሷም እዚያው አገር ግእዛችንን ታስተምራለች። አንድ ቃል ፈትተህ «አንድም» እያልህ ሌላውን ፍቺ ስታስከትል ደስታዋን አትችለውም ነበር፤ የእነሱም ሊቃውንት የተቃራኒውን ሐሳብ ሳይጥሉ አጠገቡ ይጽፉታል አሉ። አንተም እያደር፣ የዘገየች ቀን በር በሩን ማየት ጀመርህ።

ባለፈው ሳምንት ጻፈችልኝ። ስታስተምራት የቀዳችውን ድምፅህን ተማሪዎች እንዲሰሙት በዩኒቨርሲቲዋ ቤተ መጻሕፍት ልታስቀምጥ ትፈልጋለች፤ ያለ እኔ ፈቃድ ግን አላደርገውም ትላለች። ቅጂውንም ላከችልኝ። እምቢ ልላት ነበር። እማዬ «ምነው ልጄ፣ ምን በደለችሽ? ሸጋ ሰው አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። በድላኛለች አላልሁም፤ ግን ለእኔ የነፈግኸኝን ለማላውቀው ተማሪ የምሰጥበት አንጀት አልነበረኝም። ለእምቢታዬ ሰበብ ላገኝ ብዬ ማዳመጥ ጀመርሁ።

የአብርሃምን መሥዋዕት እየተረጎምህ ነው። ራሔል፣ አብርሃም ይስሐቅን ይዞ ሲሄድ ለሣራ ነግሯት ነበር ወይ ትልሃለች፤ የእነሱ ሊቃውንት ብዙ የተነጋገሩበት ጥያቄ እንደሆነም ትነግርሃለች።

«ይህን ልጄ በሰባት ዓመቷ ጠይቃኛለች» አልህ። «ዝም በይ ብዬ ገሠጽኋት። መልሱን ስለማላውቀው ነበር። እሷን ማስተማር ነበረብኝ፤ አስካለን።»

ስሜን ስትጠራው፣ ብቻዬን በተቀመጥሁበት «አቤት አባዬ» አልሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለመስማት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ለራሔል እሺ ብያታለሁ። ያቺን ቦታ ልቁረጣት ወይ ብላኝ ነበር፤ እንዳትነኪያት ብዬ መለስሁላት። ለእሷ የነገርኸውን ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ቢሆንም ሰምቼሃለሁ። እስካለሁ አልረሳህም፤ የተቆጣኸኝንም፣ የተጸጸትኸውንም።

ልጅህ አስካለ