ለሆሳዕና የዘገየው መርዶ

ለምወድህ ለታናሽ ወንድሜ ለደበሌ፤

ከእህትህ ከዘርፈሽዋል የተላከ የናፍቆት ሰላምታ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገቤን ያዘኝ ያልከው ለቀቀህ? ብርዱስ? ጆሃንስበርግ አሁን ውርጭ ነው ይላሉ፤ እዚህም ክረምቱ ገብቶ ጭቃው ደጃችን ደርሷል። ሱቃችሁን ዳግመኛ ሰብረው አልገቡባችሁም? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ አለን። ታመን አልተኛንም፣ አልተራብንም፤ ከዚያ አልፌ ደህና ነን ብዬ ብጽፍልህ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ ትል ይሆናል። በስልክማ ስጀምርልህ ኔትወርኩ ይቆራረጣል ትለኛለህ። ስለ ሚስትህ ስለ ማርቲ ሳነሳ ብቻ የሚቆራረጠው ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ስለዚህ የባለ ጨርቁ ልጅ ዑመይር ወደ እናንተ ሊመለስ ነው ሲሉኝ ይህን ጽፌ ሰጠሁት። ወረቀት አይቆራረጥም።

ከትንሣኤ በኋላ ማርቲ ስታርፍ ያዘዝከኝን አትረሳውም። ቀብሩ ቡኢ ይሁን፣ ልጆቹ አንቺው ዘንድ ቡታጅራ ይቆዩ፣ ትልቋ ልጄ ሆሳዕና የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን እስክትጨርስ መርዶው አይነገራት አልከኝ። ከዚያም በፊት እናቷ ሆስፒታል በገባች ሰሞን ስታለቅስ፣ የደበሌ ልጅ ጀግና ናት፣ ጀግና አያለቅስም፣ ታናሽ ወንድምሽ ቴዲ አንቺን አይቶ ነው የሚማረው ብለሃታል። ስልኩን የያዝኩላት እኔ ነኝ፤ ሰምቻለሁ።

እኔም እሺ አልኩ። አገሩም እንዲህ ነው፤ ለፈተና የተቀመጠች ልጅ መርዶ የሚያረዳ ማን አለ? ቀብረን ስንመለስ ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ጥቁራችንን አውልቀን፣ ያዘቀዘቅነውን ነጠላ አቅንተን ገባን። የጎረቤታችን የብርቄ ፊት ያበጠው ጥርሷን አሟት ነው አልን። እናትሽ አዲስ አበባ ተኝታለች፣ ሐኪሙ በስልክ እንዳትናገር ከልክሏታል አልናት። ልጅቱም እሺ አለች። አንድ ቀን እንኳ ደግማ አልጠየቀችም። መንቃት የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን ጨዋነቷ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ በእድር ሴቶች ፊት ሳይቀር አመሰገንኳት።

ፈተናው ባለቀ ማግስት እንደ ወጉ ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ጎረቤቱ ብርቄ ግቢ ተሰበሰበ። አጎታችን ጋሽ ፈቃደ ከቡኢ መጥተው አድረዋል፤ የንስሐ አባታችንም አሉ። እኔ ልጆቹ ተኝተዋል ብዬ በጓሮ ሹልክ ብዬ ወጥቼ ተቀላቀልኳቸው። በሩን ልናንኳኳ ስንል ከውስጥ ተከፈተ። ሆሳዕና ፊቷን ታጥባ፣ ጥቁር ሹራቧን ለብሳ ቆማለች። ከኋላዋ የቤቱ ወንበርና ዱካ ሁሉ ግድግዳውን ይዞ ተደርድሯል። አልጋዬ እንኳ ተገፍቶ ለሰው ቦታ ተለቋል። ቴዲም ተጣጥቦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ለካ የእድሩ አግዳሚዎች ማታ ብርቄ ግቢ ሲገቡ አይታለች።

ጋሽ ፈቃደ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰው ሁሉ ለሞት የተፈጠረ ነው ብለው ሲጀምሩ፣ ጋሼ አውቃለሁ፣ ይግቡ፣ ውጪው ይበርድዎታል አለቻቸው። ሊያጽናኑ መጥተው ራሳቸው በር ላይ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ብርቄ ጮኸች፣ ሴቶቹ ተከተሉ፣ እኔም አምቄው የከረምኩት ወጣልኝ። ሆሳዕና ግን ውሃ ታድላለች። ለአልቃሾች ውሃ ታድላለች፣ ደበሌ!

ሰዉ ቀለል ሲል ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ጠየቅኳት። ከቡኢ የተመለሳችሁ ሳምንት አለችኝ። ማን ነገረሽ ብላት፣ ማንም፤ እትዬ፣ አንቺ እኔን መቆጣት ስታቆሚ ነው ያወቅሁት አለች። እውነቷን ነው። ታውቀኛለህ፤ እኔ ስቆጣ እንኳን ሰው ድመትም ቤት አትቆይም። ያን ሰሞን ግን ሳህን ብትሰብር ዝም፣ ብታመሽ ዝም፣ ቅቤው ለእሷ፣ ሥጋው ለእሷ። እንኳን ልጅ በግም ሲቀልቡት ይጠረጥራል።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ሁላችሁም ስትደክሙ አሳዘናችሁኝ፣ አባባም ጀግና አያለቅስም ብሏል አለች። ፈተናውን የተፈተነችው እናቷ አፈር መግባቷን እያወቀች ነው።

የባሰው የቴዲ ነው። ለእሱም ነግራዋለች፤ ትልልቆቹ እስኪነግሩን እንዳታለቅስ ብላ አስተምራዋለች። ገና ጥርሱን ያልጨረሰ ሕፃን! ባለፈው ሳምንት ከባጃጅ ሲወርድ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። ደሙ እየወረደ እህቱን አያት፤ እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ ከንፈሩን ነክሶ ዋጠው። ያየው ሰው ሁሉ እንዴት ያለ ጠንካራ ልጅ ነው አለ። እኔ ፈራሁ።

በደወልክ ቁጥር እንሰት ካልተነቀለና ካልተዛወረ አይወፍርም ትላለህ። የአባታችን ቃል ነው፣ አልክድም። አባታችን ግን ከመንቀሉ በፊት ጉድጓዱን በፍግ ሞልቶ ነበር። እኛ ልጆቹን ነቅለን ደረቅ መሬት ላይ ነው የጣልናቸው። እኔ ጽናት የምለው አልቅሶ መነሳትን ነበር። ትልልቆቹ እንዳይከፋቸው ብሎ ልጅ ሲታፈን እሱን ምን እንደምለው አላውቅም። ሆሳዕና ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ሰው ሲኖር ትስቃለች። ፀጉሯን ስሠራት ግን እየተነቀለ እጄ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። የመኖሪያ ወረቀት የለህም፣ ከወጣህ መመለሻ የለህም፤ ሚስትህን ሳትቀብር ቀርተሃል። አንተም ያለቀስክበት ትከሻ የለም፣ አውቃለሁ፤ አንጀቴ ይቃጠላል። ቢሆንም ደውልላት። አይዞሽ እንዳትላት። በርቺ እንዳትላት። ስለ ውጤትም እንዳትጠይቃት። የእናቷን ስም ጥራና አልቅስ፤ አባቷ ሲያለቅስ ትስማ። አንተ የከለከልከውን እኔ ልፈቅድላት ሞከርኩ፤ ከእኔ አልቀበል አለች። ኔትወርክ ነው ብለህ ከዘጋህባት ግን እህት አለችኝ አትበል።

ብርቄ ሰላም ብላሃለች፤ ዐይኗ ዛሬም እንባ ነው። ጋሽ ፈቃደ እግዜር ያጽናህ ብለውሃል። አብሮህ ለሚኖረው ለአምሀ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ብቻህን አይተውህ። ቴዲ ጉልበቴ ድኗል በይው ብሎኛል። ሆሳዕናን ለአባትሽ ምን ልበልልሽ ብላት፣ ደህና ናት በይው አለችኝ። ደህና አይደለችም።

እህትህ ዘርፈሽዋል

ቡታጅራ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.