ከወንበሬ እስከ በሩ አሥራ አራት እርምጃ

ለድሮ ጓደኛዬ፣ ለባንዳችን ድራመር፤

እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? ጉልበትህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ ስታይ ፊትህ ይጠቁራል? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹ መቼም አድገው በቁመት በልጠውህ ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳልጠይቅህ ኖሬ ዛሬ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ስጠይቅህ፣ ይኼን ሰውዬ ምን ነካው እንደምትል አውቃለሁ። ጽሕፈቴንም አይተህ ዶሮ ጫረችው ብለህ እንዳትስቅ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ እዚህች ድረስ ለመድረስ ብቻ አንድ ጠዋት ፈጅቶብኛል። አድራሻህን የሰጠኝ ሳክስፎን ተጫዋቻችን ነው። ምላሱ እንደ ድሮው ነው፣ የሰማውን ሁሉ ላገኘው ሁሉ ያወራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ወር በፊት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ቀኝ ጎኔ ከዳኝ። ስትሮክ ነው አሉ። አፌ ቶሎ ተመለሰ፤ ልጄማ መጀመሪያ የሚድነው አፍህ እንደሆነ አውቅ ነበር ብላ ስቃብኛለች። እጄና እግሬ ግን አሻፈረኝ አሉ። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን መራመድ ወደሚያስተምሩበት ክፍል ትወስደኛለች። በዚህ ዕድሜዬ መራመድ ልማር! አይ ጊዜ።

ክፍሉ ረጅም ነው። መሀሉ ላይ በሁለት እጅ የሚያዝ የብረት መደገፊያ አለ፣ አንዱ ግድግዳ ሙሉ መስተዋት ነው፣ ወለሉ ላይ እግራችንን የምናሳርፍበት ቢጫ ፕላስተር ተለጥፏል። የምታሠራን ወጣት ሴት ናት፣ አለቃ እንላታለን። ሙዚቃ ሳትከፍት ሥራ አትጀምርም። ምን ዓይነት ሙዚቃ መሰለህ? ፈንክ ነዋ! ሶልና ጃዝ የተቀላቀለበት፣ ከየአገሩ! እኔና አንተ አንዲት የተቧጨረች ሸክላ ፍለጋ ስንት ሰፈር የዞርንበትን፣ እሷ ከስልኳ ላይ በሽ በሽ ታደርገዋለች። አንድ ቀን የናይጄሪያ፣ አንድ ቀን የብራዚል። ጃፓኖች በቤዝ ጊታር እንዲህ ያንጎራጉራሉ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ወይ ጉድ አልኩ ለብቻዬ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር አሉ፣ ትራምፔቱ ሲገባ ከነምርኩዛቸው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። ዳሌያቸው የተሰበረ አስተማሪ ደግሞ ቋንቋው የማን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ይዘፍናሉ። ይኼ ሙዚቃ ምን እንዳለበት እንጃ፣ ሕመምተኛ ሁሉ ፊቱ ተፈትቶ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

ከኔ በቀር። እኔ አልቻልኩም። ምቱ ሲወድቅ የኔ እግር ገና መነሣቱ ነው። ልድረስበት ስል ይሰናከላል። አንድ ቀን መደገፊያው መሀል በጉልበቴ ወደቅኩ። መውደቄ አይደለም ያንገበገበኝ፣ ዕድሜ ልኩን በቤዝ ጊታር ምት ይዞ የኖረ ሰው ምት ሲያመልጠው ማየቴ ነው። ሰው ፊት አለቀስኩ። አለቃን ሁለተኛ አልመጣም አልኳት፣ ልጄንም አርፈሽ የሚገፋ ወንበር ፈልጊልኝ አልኳት። የምሬን ነበር። በቃ፣ ቆርጬ ነበር።

ልጄ ለስንብት ብላ አንድ ቀን ጎትታ ወሰደችኝ። አለቃ አንድ አሮጌ ቴፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። አንድ ሰው ለእርስዎ ብሎ ካሴት ትቶ ሄደ አለችና ከፈተችው። የድሮ ልምምዳችን ነው፤ መጀመሪያ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ ሳክስፎን ተጫዋቻችን ያስላል፣ እኔ ቶሎ በሉ እያልኩ እጮሃለሁ። ከዚያ ድራሙ ገባ።

አምላኬ! ያንን ድራም በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ትልቁ ከበሮ በሰዓቱ ይመጣል፣ ትንሹ ግን ከኋላ ቀረት ይላል፣ የቀረ ሰው አለ ወይ ብሎ ዞር ብሎ የሚያይ ይመስላል። እግሬ ተነሣ። ምቱ ጠበቀው። እኩል መሬት ነኩ። አለቃ አፏን ይዛ ቀረች። የዚያን ቀን አራት እርምጃ ሄድኩ፣ በሳምንቱ ሰባት፣ ትናንት በምርኩዝ ብቻ አሥራ አራት! ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። ሹፌሩ ይኼ ድራመር ማነው ብለው ሲጠይቁኝ፣ በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጠው ነው አልኳቸው። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ላንተ እንኳ ብዬህ አላውቅም።

ይልቁንስ ያልኩህን እኔም አንተም እናውቃለን። ኤሊ ብዬ ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። ሸክላውን ልንቀዳ ሁለት ሳምንት ሲቀረን፣ ትጎትተናለህ ብዬ ያስወጣሁህ እኔ ነኝ። ከበሮዎችህን አንድ በአንድ ፈታህ፣ ተመላልሰህ አወጣሃቸው፣ እኔ በሩን እንኳ አልያዝኩልህም። ውሸቴን ነበር፣ ወንድሜ። ጎትተኸን አታውቅም። ሰው የሚደንሰው በኔ ቤዝ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ዘፈኑ መሀል ክሬ ተበጥሶ ዝም ስል ከአዳራሹ አንድም ሰው አልቆመም። ባንተ ነበር የሚደንሱት። ቀናሁብህ። ያንን ያህል ዓመት በልቤ ይዤው የኖርኩት ይኸው ነው። ሸክላውን በአዲሱ ድራመር ቀዳነው፣ ከሰዓት ዝንፍ አይልም ነበር፣ ማንም ተነሥቶ አልደነሰበትም።

በዚያ የልምምድ ክፍላችን መቅረጫ የነበረው ሰው አንድ ብቻ ነው። አለቃን ካሴቱን ያመጣው ሰው ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅኳት። ረጅም ነው፣ ስሙን አልተናገረም፣ ግባና ጠይቀው ስለው እቸኩላለሁ ብሎ ሄደ አለችኝ። ደግሞ ካሴቱ ላይ ስምዎን የምጽፍበት እስክሪብቶ ስፈልግ ጠረጴዛውን በሁለት ጣቱ ይመታ ነበር አለች። እቸኩላለሁ! አንተ? ሌላ አልጠየቅኳትም።

ቤዝ ጊታሬን ልጄ ወልውላ ግድግዳው ላይ ሰቅላታለች። ታምራለች። ስለሷ ሌላ ጊዜ እናወራለን።

እሑድ ከሰዓት ቤት ነኝ። ልጄን ወጣ እንድትል እነግራታለሁ፣ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ከወንበሬ እስከ በሩ አሥራ አራት እርምጃ ነው፣ በሷ አስለክቼዋለሁ። አንኳኳ። ወዲያው ካልተከፈተልህ የለም ብለህ፣ ወይም አልፈለገኝም ብለህ፣ ያመጣኸውን ደጃፍ ላይ ጥለህ እንዳትሄድ። እየመጣሁ ነው። አንተ ደግሞ መጠበቅ ታውቅበታለህ።

ጤና ይስጥህ፣ ቤትህን ሙሉ ያድርገው፣ እነዚያ እጆችህ አይድከሙ። እስከ እሑድ በሰላም ያቆየን።

በሩን ያልያዘልህ ወንድምህ