ሞጆ የሄደው ክፍላችን

ሰኞ፣ ነሐሴ 28

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እምቢ አላለም። እሺም አላለም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል እስካሁን እያሰብኩ ነው።

ሦስቱን ልጆች ላስመዘግብ ነበር የሄድኩት። ጫልቱን፣ ደመላሽን፣ አስቴርን።

"አባታቸው ነዎት?" አለኝ።

"አይደለሁም። ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነኝ። ማታ ማታ አስተምራቸዋለሁ።"

"የት ነው የሚያድሩት?"

"ጣቢያው አካባቢ" አልኩ። ጣቢያው ጥግ የቆመ አሮጌ ፉርጎ ውስጥ ነው ይባላል? ያውም አለቃዬ ጋሽ ወርቁ ሳያውቁ?

"ጎዳና የለመደ ልጅ ሁለት ሳምንት ይቀመጥና ይጠፋል" አለኝ። "ወንበሩ ባዶ ይቀርብኛል።" ሦስቱም ለአንደኛ ክፍል ዕድሜያቸው አልፏል። ማንበብና መጻፍ ከቻሉ ሁለተኛ ያስገባቸዋል። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ራሱ ይፈትናቸዋል። ምዝገባውም በዚያው ቀን ያበቃል።

እስከ ዓርብ የሚያስፈልግ፦
– እርሳስ፣ ሦስት (ጣቢያው አጠገብ ካለው ሱቅ)
– ሳሙና፣ አንድ። ለደመላሽ ሌላ አንድ
– የአሳዳጊ ፊርማና የቤት ቁጥር። የማን?
– ለባለቤቴ ለዘነበች መንገር (ነገ)

ማክሰኞ

ለዘነበች አልነገርኩም። ደክሟት ነበር። ወይ እኔ ፈርቼ ነበር።

ዝናቡ የፉርጎውን ጣሪያ ሲደበድብ አመሸ። መጮህ ነበረብኝ። ሰሌዳችን የሳጥን ክዳን ነው። ጠመኔው የጣቢያው ነው፤ በየፉርጎው ጎን የሚሄድበትን ከተማ ስም የምጽፍበት። የማይሄደው ላይ "ይቆይ" ብዬ እጽፋለሁ። ቶሎሳ ያንን አንብቦ ነው ፉርጎዎቹን ከባቡሩ ጋር የሚቀጥለው። የኛ ፉርጎ ላይ "ይቆይ" ካልኩ ቆየሁ።

ደመላሽ "ጋሼ፣ ዳይሬክተሩ ይማታል?" አለ።

"አይመስለኝም።"

"ታዲያ እርስዎ ምን ያንቀጠቅጥዎታል?"

አስቴር በሳቅ ሞተች። ይቺ ልጅ ስታነብ ድምጿ አይሰማም፣ ስትስቅ ግን ጣቢያው ይሰማል።

የጫልቱ ጽሕፈት ቁርጥ የኔን ሆኗል። የፊደሉን እግር ወደ ጎን መጎተት ልማዴ ነው፤ እሷም ትጎትታለች።

ረቡዕ

ነገርኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሳሙናው የት እንደሚሄድ የማላውቅ መስሎህ ነው?" አለችኝ ዘነበች። ለካ ልጃችንን የጠበበውን ሸሚዝ ለደመላሽ አጥባ አስቀምጣለች። ሳልናገር ስንት ቀን በከንቱ ተጨነቅሁ!

የቤት ቁጥሩ ላይ ግን ፊቷ ተለወጠ። "ፊርማ ማለት ቢታመሙም፣ መስኮት ቢሰብሩም፣ ቢጠፉም የሚጠሩት አንተን ነው። ማለትም እኔን።"

እውነቷን ነው።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 1

ፉርጎው የለም!

ጠዋት ስደርስ ከሥሩ የነበረው ደረቅ መሬት ብቻ ነው የቀረው። ቶሎሳ ዳቦውን ይገምጣል።

"ፉርጎው የታለ?"

"ሞጆ ነዋ! ራስህ ጽፈህ! ሌሊት በመጣው ባቡር ቀጠልኩት።"

"እኔ አልጻፍኩም።"

"ታዴ፣ ጽሕፈትህን አጣዋለሁ እንዴ?"

ያኔ ገባኝ። ጫልቱ! ሞጆ የተወለደች ናት።

ጋሽ ወርቁ ከቢሮ ወጡ። "ስንት ዘመን ሠርተህ ባዶ ፉርጎ ሞጆ ትልካለህ?"

"ባዶ አይደለም፣ ጋሽ ወርቁ" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

ሞጆ ስልክ ተደወለ። የዚያ ጣቢያ ሰው "አዎ፣ ሦስት ልጆች አሉ። ደህና ናቸው፣ ሻይ በዳቦ ሰጥተናቸዋል። አንዷ ግን ነገ ፈተና አለብኝ እያለች መቆሚያ አሳጣችን" አለ። ሳቅኩ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ወርቁ አልሳቁም። "ነገ ጠዋት ከነፉርጎው ይመለሳሉ። ልጅ እንዲህ ይጽፋል ብለህ ታሞኘኛለህ? በዓይኔ ካላየሁ ሌላ ሥራ ፈልግ።"

የሚያስጨንቀኝ፦
– ባቡሩ ከሦስት ሰዓት በፊት ባይደርስ
– ሥራዬ
– ጫልቱ አገሯን አይታ እዚያው ብትቀር

የመጨረሻው ነው እህል ያስጠላኝ።

ዓርብ

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባ! ደመላሽ ራሱ ሹፌር የሆነ ይመስል እጁን እያውለበለበ ወረደ። አስቴር ፀጉሯ ጭድ በጭድ። ከኋላ ጫልቱ። ሦስት! ሁለቴ ቆጠርኩ።

ዘወር ስል ዘነበች ቆማለች፤ ባልዲና ፎጣ ይዛ። ሳትነግረኝ መጥታ ነው።

ጋሽ ወርቁ ለጫልቱ ጠመኔ ሰጧት። "ጻፊ።"

"ሞጆ" ብላ ጻፈች። መነጽራቸውን አደረጉ። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። "እግሩን እንኳ እንዳንተ ጎተተችው!"

"ለምን ጻፍሽው?" አሏት።

"ያገሬን ስም ቻልኩ ብዬ፣ ጠዋት ጋሼን ላስደስት። ቦታ ሲጠበኝ 'ይቆይ' የሚለውን በቀሚሴ ጠረግኩት።"

"ታዲያ እዚያው አትቀሪም ነበር?"

"ማን አለኝና? ፈተናዬ እዚህ ነው።"

ጋሽ ወርቁ ቆባቸውን አነሱና "ሰዓቱ ደርሷል፣ ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?" ብለው ከፊት ከፊት ሄዱ።

ዳይሬክተሩን "ፈትናቸው፣ መብትህ ነው" አሉት። "እኔ የማውቀው ይቺ ልጅ በጽሕፈቷ ባቡር ማንቀሳቀሷን ነው።" ሰውየው ነገሩን እስካስረዳው ግራ ገብቶት ቆየ። ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ደመላሽ በላብ ተጠምቆ አነበበ። አስቴርን "ጮክ በይ" ቢላት እንዲያ ስትጮህ የጎረቤቱ ክፍል አስተማሪ ምን ተፈጠረ ብላ መጣች። ጫልቱን አላስጨነቃትም።

አለፉ። ሦስቱም ሁለተኛ ክፍል!

ከዚያ ፎርሙ መጣ። "የቤት ቁጥር" የሚለው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

"የኛን ጻፍ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለች ዘነበች ከኋላዬ። ወደ ልጆቹ ዞረች። "ስትጠፉ ፈላጊዋ እኔ ነኝ። እግሬን ያመኛል። እንዳትጠፉ።"

"እሺ፣ እትዬ" አለ ደመላሽ፤ አንገቱን ሰብሮ። እሱም አንገት መስበር ያውቃል ለካ።

አሁን ቤታችን ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ተኝተዋል። ጫልቱ ፍራሹ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ ብላ ነበር የተውኳት። ሁለት ሳምንት ይቆዩ ይሆን? አላውቅም። ሦስቴ በሩን ከፍቼ አየሁ። ይህን ጽፌ ሳልጨርስም አንድ ጊዜ ማየቴ አይቀርም።

ወደ ማምሻው በጣቢያው አልፌ ነበር። ፉርጎው ቦታው ላይ ነው። "ሞጆ" ተጠርጓል። በጋሽ ወርቁ ወፍራም ጽሕፈት፣ የኔን ሁለት እጥፍ የሚያህል "ይቆይ" ተጽፏል። በሩ ሥር ዝናብ የማይነካው ቦታ ላይ አንድ ሙሉ ፓኬት ጠመኔ አስቀምጠዋል።